የአንድ ሰዓት በረራ ለኮን ሰው ስንት ሰዓት ነው?

ከአዲስ አበባ ላሊበላ ምን ያህል ይርቃል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ አንድ አይደለም። በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ርቀቱ 335 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደሴና በወልዲያ በኩል በመኪና ለሚሄድ ግን እንደሚመርጠው መስመር ከ640 እስከ 700 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መንገዱ የአየሩን እጥፍ የሆነው በተራራው ምክንያት ነው። ጣርማበርን ወጥቶ ይወርዳል፤ ከወልዲያ ተነስቶ እንደገና ደጋውን ይወጣል፤ ጋሸና ላይ ታጥፎ ወደ ላስታ ይወርዳል። በዚህም የተነሳ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ደሴ ወይም ወልዲያ ማደርን ለምዶ ኖሯል።

የአውሮፕላኑስ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ መስመሮች ያሰማራው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በዚህ ስሌት ላሊበላ የግማሽ ሰዓት መንገድ መሆን ነበረበት። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልዩነቱ ስህተት አይደለም። የጉዞው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ አንስቶ ዳግም እስኪቆም ድረስ ነው። በሜዳው ላይ መንደርደሩ፣ ተራ መጠበቁ፣ ከፍታ መያዙና በተራሮች መካከል ዝቅ ማለቱ ሁሉ ይደመራል።

ይህ ጊዜ ለአጭርም ለረጅምም በረራ ብዙም ስለማይለያይ፣ ጉዞው ባጠረ ቁጥር ድርሻው ይጎላል። ዱባይ ከአዲስ አበባ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም በረራው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ በአማካይ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። የላሊበላው አማካይ ከዚህ በግማሽ ገደማ ያንሳል።

ለጎብኚ ጉዞው እዚህ ላይ ያበቃ ይሆናል። የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ለሆነችው ለኮን ተጓዥ ግን ገና ነው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በቆላው ላይ ይገኛል። ከዚያ ወደ ጋሸና ደጋ መውጣት፣ ከጋሸናም ወደ ኮን መቀጠል የግድ ነው። ቦሌ ቀድሞ መድረሱንና ሻንጣ መጠበቁን ሲጨምሩበት የ“አንድ ሰዓቱ” በረራ የግማሽ ቀን ጉዞ ይሆናል።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአገራችን ቀብር ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። ማታ መርዶ የደረሰው ሰው በማግስቱ ቀብር ላይ መገኘት አለመገኘቱን የሚወስነው ከአየሩ ይልቅ የመሬቱ ጉዞ ነው። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ከ2013 እስከ 2014 ዓ.ም. ላሊበላና ጋሸና በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በክልሉ ግጭት ሲነሳ በረራው ተቋርጧል።

እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። በረራው ቀጥታ ነው ወይስ በሌላ ከተማ ይዞራል? ከማረፊያው እስከ ጋሸና መኪና ይገኛል? የጋሸና መንገድስ ዛሬ ክፍት ነው? የመጨረሻውን መመለስ የሚችለው አየር መንገዱ ሳይሆን ኮን ያለው ዘመድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ኮን ይደወል።