ያ የበሉት አይብ የትኛው ነበር?

ሐኪም ፊት ተቀምጠዋል እንበል። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌሊት ላብ ያጠምቅዎታል፤ ወገብዎንና መገጣጠሚያዎን ይቆረጥምዎታል። የወባና የታይፎይድ ምርመራ ተደርጎ ምንም አልተገኘም። ሐኪሙ «ባለፉት ሳምንታት ያልተፈላ ወተት ወይም ከእሱ የተሠራ ነገር ቀምሰዋል?» ሲልዎት አንድ ነገር ትዝ ይልዎታል። «አንድ ድግስ ላይ አይብ መሳይ ነገር በልቼ ነበር። ነጭ ነው፤ ጨው ጨው ይላል። ስሙን ግን አላስታውስም።»

ይህ ግማሽ ትዝታ ተራ ነገር ሊመስልዎት ይችላል። ለሐኪሙ ግን የምርመራውን አቅጣጫ የሚያመለክት ፍንጭ ነው። ስሙ ቢጠፋዎትም መልኩና ጣዕሙ ካልጠፋዎት፣ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ራስዎን በመጠየቅ ማንነቱን መለየት ይችላሉ።

መልኩ ምን ይመስል ነበር?

ነጭ ሆኖ የሚፈረፈር፣ እርጥብና ጨው የሌለው ከነበረ፣ የእኛው የአገር ቤት አይብ ሳይሆን አይቀርም። ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ አነስተኛ ነው። በቅመም ታሽቶ ረዥም ጊዜ የቆየና ጣዕሙ ጠንከር ያለ ከሆነ ደግሞ በጎጃም አካባቢ የሚታወቀውን መጣጣ አይብ ያስቡ። ነጭና ፍርፍር ሆኖ ጨው የበዛበት፣ በሰላጣ ላይ ተቆራርጦ የቀረበልዎት ከሆነ ፌታ ሊሆን ይችላል። ፌታ በጨው ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚቆይ የግሪክ አይብ ነው።

ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ በስሱ የሚቆረጠው፣ ብዙዎቻችን «ፎርማጆ» የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቮሎን ነው። ዙሪያው በቀይ ወይም በቢጫ ሰም የተሸፈነ ከሆነ ጎዳ ሊሆን ይችላል። በውስጡ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ካዩ፣ ሆን ተብሎ ሻጋታ የገባበት አይብ ነው። ላዩ ነጭ ለስላሳ ቆዳ ኖሮት ውስጡ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ከነበረ ብሪ ወይም ካማምበር ይባላል።

ሙቀት ሲያገኘው ምን ሆነ?

ፒዛ ላይ ቀልጦ እንደ ክር የሚሳበው ሞዛሬላ ነው። በመጥበሻ ላይ ሳይቀልጥ ቡናማ ቀለም የሚይዝ፣ ሲታኘክም ጥርስ ላይ ሲጢጥ የሚል ከሆነ ሃሉሚ ይባላል። ቤይሩት ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን በደንብ ያውቁታል። ፓስታ ላይ የሚነሰነሰው፣ ደረቅና እንደ አሸዋ ቅንጣት የሚሰማው ደግሞ ፓርሜዛን ነው።

ዓይነቱ ለጤናዎ ምን ይነግራል?

*ነፍሰ ጡር ከሆኑ፦* እንደ ብሪ፣ ካማምበርና ሰማያዊ መስመር ያለው ያሉ ለስላሳ አይቦች፣ እንዲሁም ካልተፈላ ወተት የተሠራ ማንኛውም ለስላሳ አይብ ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ሊኖርባቸው ይችላል። ይህ ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ይራባል፤ ለፅንስ መጨንገፍ ሊዳርግም ይችላል። ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፣ ትኩሳት ከተሰማዎት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የበሉትንም ይናገሩ።

*ግፊት ካለብዎት፦* 100 ግራም ፌታ ከ2 ግራም በላይ ጨው ሊይዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። ሃሉሚም ጨው ይበዛበታል። ጨው ያልገባበት የአገር ቤት አይብ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

*የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፦* አይሶኒያዚድ የሚወስድ ሰው ረዥም ጊዜ የቆየ አይብ ሲበላ ፊት መቅላት፣ ራስ ምታትና የልብ ምት መፍጠን ሊያጋጥመው ይችላል። ይህ ቢደርስብዎት መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ የበሉትን አይብ ለጤና ባለሙያ ይግለጹ።

*ወተት ሆድዎን የሚነፋዎት ከሆነ፦* እንደ ፓርሜዛን ያሉ ቆይተው የደረቁ አይቦች የወተት ስኳራቸው በጣም ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ አያስቸግሩም።

ከስሙ ይልቅ ወተቱ

ሆኖም አንድ ነገር አይርሱ። አይቡን አስተማማኝ የሚያደርገው ስሙ ሳይሆን የተሠራበት ወተት ነው። በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሞቀ ወተት አደገኛ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። የአገር ቤት አይብ ሲዘጋጅ አሬራው እሳት ያያል ብለው አይዘናጉ። አይቡ እንዳይደርቅ ተብሎ ለዘብ ባለ ሙቀት ስለሚሠራ፣ ሙቀቱ በቂ ላይሆን ይችላል።

መግቢያው ላይ ያነሣናቸው ምልክቶች የብሩሴሎሲስ ሊሆኑ ይችላሉ። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ ትናንት የበሉትን ብቻ ሳይሆን ባለፉት ሁለት ወራት የበሉትን ያስታውሱ። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ መድኃኒት ቢያንስ ለ6 ሳምንታት መውሰድን ይጠይቃል። ሻል አለኝ ብሎ ማቋረጥ ወይም ከመድኃኒት ቤት በግምት ገዝቶ መዋጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል። በአንጻሩ በበሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጀምር ትውከትና የሆድ ቁርጠት በአያያዝ ጉድለት የተበከለ ምግብን ያመለክታል።

ምን ያድርጉ?

ቤትዎ አይብ ሲያዘጋጁ ወተቱን አስቀድመው ያፍሉት፤ ሲቀዘቅዝም ከተፈላ ወተት በተዘጋጀ እርጎ ያርጉት። ከሱቅ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ «ፓስቸራይዝድ» የሚል መኖሩንና የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን ይመልከቱ። እርጥብ አይብ ላይ ሻጋታ ካዩ ገፍፈው አይብሉት፤ ሙሉውን ይጣሉት።

የበሉት አይብ ስም እስከ መጨረሻው ቢጠፋዎትም አይጨነቁ። መልኩን፣ ጣዕሙን፣ የበሉበትን ቦታና ቀን በወረቀት ይጻፉ። አብሮዎት የበላ ሌላ የታመመ ሰው ካለ እሱንም ይጨምሩ። ደግሰው ወደ ጋበዙዎት ሰዎች ደውለው «ያ አይብ ከየት የመጣ ነበር? ወተቱስ ተፈልቶ ነበር?» ብለው መጠየቅ ነውር አይደለም። እነርሱም ቤት ትኩሳት የያዘው ሰው ሊኖር ይችላል።