ሐዘን ተቀባይ ሲያገኝ

በሬዲዮ ትዝታ ሲመጣ «ኧረ ዝጉት፣ እናታችሁን ልታስለቅሱ ነው?» የሚል ሰው የማይጠፋበት ቤት ብዙ ነው። የሚያዘጋው ሰው ክፋት የለበትም። እናት የሞተ ወንድሟን ወይም በመተማ በኩል ለሥራ ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ልጇን አስባ እንዳትከፋ ነው። እኔ ግን ሬዲዮው ይከፈት ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት ጥቁር አሜሪካውያን «ብሉዝ» ከሚሉት ዘፈን ልጀምር። መንገዱ ሩቅ ቢመስልም የሚያደርሰን ወደ ራሳችን ለቅሶ ቤት ነው።

ብሉዝ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ከባርነት በወጡ ጥቁሮችና በልጆቻቸው መካከል የተወለደ የሐዘን፣ የስደትና የፍቅር ዘፈን ነው። የተለመደው አሠራሩ ቀላል ነው። ግጥሙ ሦስት ስንኝ አለው፤ የመጀመሪያው ይባላል፣ ይደገማል፣ ሦስተኛው ይዘጋዋል። ለእያንዳንዱ ስንኝ አራት አራት የምት ክፍል ይሰጠዋል፤ ሲደመር 12 ይሆናል። ዘፋኙ ግን አራቱንም ክፍል አይሞላም። ግማሹን ያህል ዘፍኖ ያቆማል፤ በተረፈው ቦታ ጊታር ወይም ጥሩምባ ይመልስለታል። ቤሲ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ»ን ስትቀዳ ሉዊ አርምስትሮንግ ኮርኔት በምትባለው አጭር ጥሩምባ ከጎኗ ነበር። እሷ አንድ ስንኝ ትላለች፣ እሱ ይመልስላታል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ሁለት ሰዎች ሲጨዋወቱ የሚሰማ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ትልልቅ የጃዝ ባንዶች መጡ። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ባስና ድራም ተደምረው 15 እና ከዚያ በላይ ሰው ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ባንድ እንደመጣለት ቢነፋ ጩኸት ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ የትኛው ቡድን የት እንደሚገባና የት ዝም እንደሚል አስቀድሞ የሚጽፍ አቀናባሪ ያስፈልገዋል። ድምፃዊው ጆ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1955 ከካውንት ቤዚ ባንድ ጋር የቀዳው የብሉዝ አልበም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዱ ሰው ብሶቱን ይናገራል፤ ከኋላው ያሉት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ «ሰምተናል» እንደሚሉ ሆነው ይመልሱለታል። የዘፈኑ ጉዳይ ሐዘን ሆኖ ሳለ ሰሚው እግሩን በምቱ ማንቀሳቀስ የሚጀምረው ለዚህ ይመስለኛል።

የትንፋሽ መሣሪያ ወደ እኛ አገር የመጣበት ታሪክም ከሐዘን የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ኢየሩሳሌም ላይ 40 የአርመን ልጆች አገኙ። ልጆቹ በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። ሙዚቃ የተማሩ ነበሩና ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋቸው የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። ታሪክ «አርባ ልጆች» ብሎ ያስታውሳቸዋል። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተምረዋል፣ ዜማዎችን ለትልልቅ ባንዶች አቀናብረዋል።

ከዚያ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ገነኑ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማህሙድ አህመድ በክቡር ዘበኛ ያደጉ ድምፃውያን ናቸው። የዚያን ዘመን ዘፈኖች በጥሞና ያዳመጠ ሰው፣ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲስብ ሳክስፎኖቹና ትራምፔቶቹ ሲገቡ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ታላቁ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሸልመውታል። አዳራሹ የገባው ሕዝብ ድምፁ እንግዳ የሆነበት አይመስለኝም።

የእኛ ትዝታ ስሙ የዘፈንም የቅኝትም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ሲሆን በአምስት ድምፆች ይሠራል። ማህሙድ አህመድ፣ ጌታቸው ካሳና ሰይፉ ዮሐንስ ትዝታን በየራሳቸው መንገድ ቀድተውታል። ጌታቸው በዝግታም በፈጣን ምትም ተጫውቶታል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የቀድሞ ሸክላዎቻችንን እየሰበሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲያሳትም፣ አሥረኛውን አልበም ለትዝታ ሰጥቶ የኢትዮጵያ ብሉዝ ብሎታል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ግን ልክ አይሆንም። ቅኝታቸው ይለያያል፤ የበቀሉበት አፈርም አንድ አይደለም። የሚገናኙት በሚሠሩት ሥራ ነው፤ ሁለቱም ሐዘንን ተቀባይ ባለበት ያወጡታል።

«ተቀባይ» የሚለውን ቃል እዚህ አይከል ማስረዳት አያስፈልግም። ለቅሶ ቤት አልቃሿ ግጥሙን ትጥላለች፣ ሰው ይቀበላል። ሟቹን ስሙን ጠርታ፣ ሥራውን አንሥታ ስታበቃ ዝም የሚል የለም። እናቱም ብቻዋን አትቀርም። የጎንደር አዝማሪ ቤትም ደንቡ ያው ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበላል፣ ማሲንቆውም መልሱን ይጨምርበታል። የካውንት ቤዚ ትራምፔቶች ለጆ ዊልያምስ የሚያደርጉለት ከዚህ ብዙም አይርቅም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለው ለዘፈንም ይሠራል።

በጤና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ራስ ምታት፣ የደረት ውጋት፣ እንቅልፍ ማጣት ብለው የሚመጡ ብዙ እናቶችን አይቻለሁ። ተመርምረው ምንም ካልተገኘ «በቅርብ የሞተብሽ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ድንኳኑ ከተነሣ ወራት አልፈዋል። በሰልስቱና በአርባው ቤቱ ሙሉ ነበር፤ እድሩም አልቀረም። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም «በቃ አታልቅሺ፣ እግዜርን ታስቀይሚያለሽ» ይላታል። ልቅሶው አላለቀም፣ ተቀባዩ ነው የሄደው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሐዘንን ግን ብዙ ጊዜ የምናስደብቀው እኛ ቤተሰቦች ነን።

ስለዚህ ትዝታ ሲከፈት እናት ካለቀሰች ዘፈኑ አላሳመማትም። የነበረውን አወጣው እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረባትም። የሚጎዳት ስታለቅስ ብቻዋን መሆኗ ነው። አጠገቧ ተቀመጡ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ዝም በሉ፣ ሲያልቅ «ማንን አስታወሰሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሟቹን ስም ለመጥራት አትፍሩ። እሷ ግን «አልፈልግም፣ ዝጉልኝ» ካለች ይዘጋ፤ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ዘፈን ግን የሕክምና ምትክ አይደለም። ሐዘንተኛው ለሳምንታት እንቅልፍ ከራቀው፣ ምግብ እንቢ ካለ፣ ከሰውነት ከወጣ፣ ሥራውንና ልጆቹን ከረሳ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «እኔም ብሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ። በዚያው ዕለት ውሰዱት፣ ብቻውንም አትተዉት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ አዳከመው። ቆይቶም አንድ ኪቦርድ የብዙ ነፊዎችን ቦታ ያዘ። ወጪ መቀነሱ ይገባኛል፤ በየሰርጉ 15 ሰው የሚያስመጣ የለም። አድማጩም እንደ ባንዱ እየሳሳ ሄደ። ዛሬ ልጁ በጆሮ ማዳመጫው፣ እናት በጓዳዋ፣ አባት በስልኩ፣ ሁሉም ለየብቻው ይሰማል። አንዱ ቢከፋው ሌላው አያውቅም።

የሚመጣው እሑድ ከቡና በኋላ ይህን ሞክሩ። ልጆቹ ጥላሁንን ወይም ብዙነሽን ከስልካቸው ይፈልጉ፤ የጆሮ ማዳመጫው ይነቀልና ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ይሁን። ቀጥሎ ቤሲ ስሚዝን አሰሙ። ትንንሾቹ ድምፃዊዋ ዝም ስትል የትኛው መሣሪያ እንደመለሰላት ይንገሯችሁ። በመጨረሻ ትዝታን ክፈቱ። በዚያ ጊዜ የእናታችሁ ዓይን እንባ ካቀረረ እጃችሁን ወደ ስልኩ አትላኩ። ወንበራችሁን ወደ እሷ አስጠጉ።