አንገት ማስጠምዘዝና የደም ዝውውር፦ ምን ያህሉ እውነት ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄን ሰሞኑን ከወትሮው ቀለል ብሎት አገኘሁት። “ካይሮፕራክተር ጋ ሄጄ ወገቤንና አንገቴን ቋ፣ ቋ አድርጎ ለቀቀልኝ። ደሜ አሁን በደንብ እየተዘዋወረ ነው፤ የግፊት ኪኒኑንም ልተወው አስቤያለሁ” አለኝ። ስለ ወገቡ ደስ አለኝ። ስለ ኪኒኑ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት ወለም ሲለን ወጌሻ ጋ እንሄዳለን። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የካይሮፕራክተር ሙያ እ.ኤ.አ. በ1895 በአዮዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ፣ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በተባለ ሰው ተጀመረ። ፓልመር አብዛኛው በሽታ የሚመጣው ከአከርካሪ መዛነፍ ነው ብሎ ያምን ነበር። የዛሬው ሕክምና ይህን አይቀበልም። ሆኖም ለወገብ ሕመም የሚሰጠው እርዳታ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት መንገዶች አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል።

የደም ዝውውርስ? “ቋ” የሚለው ድምጽ አጥንት ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ከሚፈጠር የጋዝ ክፍተት የሚመጣ ነው። ከዚያ በኋላ የተወጠረ ጡንቻ ሊላላና ሰውነት ቀለል ሊለው ይችላል። ይህ ግን የተዘጋ የደም ሥር ተከፈተ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የካናዳ ጥናት፣ 10 ጤነኛ ወንዶች አንገታቸው ከተጠመዘዘ በኋላ በኤምአርአይ ሲታዩ፣ ወደ አንጎል በሚወስደው ደም ቧንቧ የሚያልፈው ደም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ሌላም ብዙ የሚወራለት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቺካጎ ውስጥ 50 የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ተጠንተው፣ የላይኛው የአንገት አጥንታቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች የላይኛው የግፊት ቁጥር ከስምንት ሳምንት በኋላ በአማካይ በ17 ቀንሷል። የማስመሰያ ሕክምና ያገኙት ግን በ3 ብቻ ነው የቀነሰው። ውጤቱ ደስ ይላል። ነገር ግን የተጠኑት 50 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የተሠራበትም ዘዴ ለስለስ ያለ እንጂ አንገት ቋ የሚያደርግ አልነበረም። በዚህ ተማምኖ ኪኒን መጣል ትልቅ ስህተት ነው።

ዋናው ጉዳይ ያለው አንገት ላይ ነው። ሁለት ደም ቧንቧዎች በላይኞቹ ስድስት የአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ አልፈው፣ ጫፍ ላይ ተጠማዘው ወደ አንጎል ይገባሉ። የአንዱ የውስጥ ግድግዳ ከተሰነጠቀ እዚያ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ደግሞ ስትሮክ ይከተላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ አንገት መጠምዘዝና ይህ ዓይነቱ ጉዳት አብረው እንደሚታዩ፣ ምክንያቱ መጠምዘዙ ስለመሆኑ ግን በእርግጠኝነት እንዳልተረጋገጠ ገልጾ፣ ታካሚው አስቀድሞ ሊነገረው እንደሚገባ አሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የኦንታሪዮ ጥናት ደግሞ አንዳንዶቹ ሰዎች አንገታቸውን ያመማቸው ደም ቧንቧቸው ቀድሞውኑ ተሰንጥቆ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። እንዲህ ከሆነም ቢሆን የተሰነጠቀ ቧንቧ መጠምዘዝ አይገባውም። አደጋው የሚደርሰው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው። የደረሰበት ግን ዕድሜ ልኩን ሊያጣው የሚችለው ብዙ ነው።

ስለዚህ ወገባችሁን ስትታከሙ “አንገቴን አትንኩብኝ” ማለት መብታችሁ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ወይም አጥንታችሁ የሳሳ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከዚህ በፊት የማታውቁት ኃይለኛ የአንገት ወይም የማጅራት ሕመም ከመጣ አታስጠምዝዙ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የንግግር መኮላተፍ፣ የመዋጥ ችግር፣ የፊት መደንዘዝ ወይም እየተንገዳገዱ መሄድ ከተከተለ፣ “ይለቀኛል” ብላችሁ አትተኙ። አሜሪካ ያላችሁ 911፣ አውሮፓ ያላችሁ 112 ወዲያው ደውሉ።

ወዳጄ ለጊዜው ኪኒኑን አልጣለም። ሐኪሙ ጋ ሄዶ ግፊቱን ሊለካ ቃል ገብቶልኛል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ቸር ይግጠመን!