የዓለም ኃይል ወዴት ይሄዳል?

ኃይል ማለት ሥራን የሚያሠራ ነገር ነው። እሳት እንጀራ ይጋግራል፤ ነዳጅ መኪና ያስኬዳል፤ ኤሌክትሪክ ወፍጮ ያዞራል። ታዲያ የዓለም ሕዝብ በዓመት የሚጠቀምበት ኃይል ሁሉ ወዴት ወዴት ይሄዳል?

ኃይሉን ሁሉ በ100 ሸክም እንጨት እንመስለው። ከ30 ሸክም የማያንሰውን ፋብሪካዎች ይወስዳሉ። ብረት ማቅለጥና ሲሚንቶ መሥራት ብርቱ እሳት ይጠይቃልና ነው። ሩብ ያህሉን መኪና፣ መርከብ፣ አውሮፕላንና ባቡር ይጨርሱታል። 20 ሸክም ያህሉ ለመኖሪያ ቤት ይውላል። የቀረውን ሱቁ፣ ቢሮውና ሌላውም ይካፈለዋል። ለእርሻ የሚደርሰው 5 ሸክም እንኳ አይሞላም። የበሬዎቻችን ጉልበት ግን ከዚህ ሂሳብ አልገባም። ቢገባማ ኖሮ የእርሻው ድርሻ ከፍ ባለ ነበር!

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በኢትዮጵያ አብዛኛው ኃይል የሚያልቀው በየቤቱ ምድጃ ነው። እሱም እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና አገዳ ነው። ከቤቱም ውስጥ ብዙ ማገዶ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። ለምን ቢባል፣ በሦስት ጉልቻ ስንጋግር ነበልባሉ በየጎኑ ያመልጣል። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ሙቀት በከንቱ ይጠፋል። ጭሱ ደግሞ ለጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ይተርፋል።

እንጨት ሲርቅብን ኩበት እናነዳለን። ኩበት ግን የመሬት ምግብ ነው። ማሳው ሲጎዳ ዩሪያ እንገዛለን። ዩሪያ ደግሞ ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ይሠራል፤ ከውጭ አገር በመርከብ፣ ከወደብ በመኪና ተጭኖ ይደርሰናል። እንግዲህ በምድጃችን ያነደድነውን የመሬት ምግብ፣ ፋብሪካውም መርከቡም መኪናውም ኃይል ከፈጁበት በኋላ፣ በገንዘባችን መልሰን እንገዛዋለን ማለት ነው።

ምርጥ ምጣድ የሚባል ምድጃ አለ። ከሲሚንቶና ከተፈጨ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል። ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ እሳቱን ዙሪያውን ይዘጉታል፤ ሙቀቱም ወደ ምጣዱ ይሄዳል። በእርግጥ ከባድ ነው፤ ለማጓጓዝም ያስቸግራል። ጉልቻ እንደ መጎለት በነፃ የሚገኝም አይደለም። ነገር ግን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። በጉልቻ ሁለት ሸክም የሚፈጀው ጋገራ በአንድ ሸክም ሊያልቅ ይችላል። ኩበት ለሚያነድ ቤትም የተረፈው ኩበት ወደ ማሳው ይመለሳል።