ጎማ ከቸርኬው እንዳይወጣ፦ ለመስክ መኪኖቻችን የውስጥ መቆለፊያ ያስፈልጋልን?

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በቻይናውያን በመሠራቱ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይባላል። በዚህ መንገድ ላይ ስለ ጎማ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ጭንቀቱ የሚጀምረው ከጎዳናው ወጥቶ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ቆላዎች፣ ወይም ወደ እስቴ የገጠር ቀበሌዎች መውረድ ሲመጣ ነው። በበጋ የተሳለው ድንጋይ የጎማውን ጎን ይልጣል፤ በክረምት ደግሞ ዋልካው ጎማውን እንደ ሊጥ ይለውሰዋል።

ባለፈው ሐምሌ ለምንጭ ማጎልበቻ ሥራ የሚሆን ሲሚንቶና የቧንቧ መገጣጠሚያ ጭነን ወደ አንድ ቀበሌ ስንወርድ ዋልካ ያዘን። ጎማው ሰፍቶ መሬት እንዲቆነጥጥ አየር እንዲተነፍስ አዘዝሁ። መለኪያ አልያዝንም ነበርና በዓይን ግምት አስተነፈስን። ከጭቃው በእርግጥ ወጣን፤ ነገር ግን ወደ ጎን ባጋደለ ስፍራ መሪው ሲጠመዘዝ የፊት ቀኝ ጎማ ከቸርኬው ለቀቀ፤ ከመነዳሪውም ከቫልቩ ሥር ተቀደደ። ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ አሸዋና ድንጋይ አቅርቦ ይጠብቀን ነበር። እኛ የደረስነው በማግሥቱ ነው።

ይህን የሰማ አንድ ወዳጃችን «የውስጥ ቢድሎክ ግዙ» ብሎ መከረን። ምክሩ ከቅን ልቡና የመጣ ስለ ሆነ እቃው ምን እንደ ሆነና ለእኛ መኪኖች ይስማማ እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

ጎማ በቸርኬው ላይ የሚቀመጠው በሁለቱ ጠርዞቹ ነው። በየጠርዙ ውስጥ የብረት ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ጠርዙን ወደ ውጭ ገፍቶ ከቸርኬው ከንፈር ጋር የሚያጣብቀው ግን የታመቀው አየር ነው። ስለዚህ አየሩ ሲቀንስ ጎማው መሬትን በሰፊው ይይዛል፤ በዚያው መጠን ደግሞ ቸርኬውን የያዘበት ኃይል ይላላል። ቢድሎክ የተባለው መቆለፊያ የተፈለሰፈው አየሩ ቢቀንስም ጠርዙ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነው። የውጭው ዓይነት ጠርዙን በብረት ቀለበትና በዙሪያው በሚታሰሩ ብዙ ቡሎኖች ቆንጥጦ ይይዛል። የውስጡ ዓይነት ከውጭ አይታይም፤ እርሱም በሁለት ይከፈላል።

አንደኛው በጎማው ውስጥ የሚቀመጥና የራሱ ቫልቭ ያለው ጠባብ የአየር ከረጢት ነው። ከረጢቱ በጠንካራ ልባስ ተሸፍኖ እስከ 50 ፒኤስአይ ገደማ ይነፋና ሁለቱን ጠርዞች ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዋናው ጎማ ግን ለብቻው እስከ ጥቂት ፒኤስአይ ድረስ ሊተነፍስ ይችላል። ለዚህም በቸርኬው ላይ ሁለተኛ የቫልቭ ቀዳዳ መብሳት ግድ ነው። ሁለተኛው ዓይነት በጠርዞቹ መካከል የሚገባ ወፍራም የላስቲክ ቀለበት ሲሆን በወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ቀለበቱ በጠርዞቹ መካከል ካለው ክፍተት በጥቂቱ ስለሚሰፋ፣ በሁለት ክፍል የተሠራው ቸርኬ በቡሎን ሲታሰር ተጨምቆ ጠርዞቹን ያጣብቃል። ለመምረጥ የሚነሣ ሰው የቸርኬውን ዲያሜትር ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም በትክክል ማወቅ አለበት፤ ስፋቱ ካልገጠመ መቆለፊያው አይቆልፍም።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በየወረዳው የምናየው የመስክ ላንድ ክሩዘር አብዛኛውን ጊዜ 7.50 በ16 ጎማ የተገጠመለት፣ ከመነዳሪ ያለውና ጎማው በተነቃይ የብረት ቀለበት የሚያዝበት ቸርኬ ያለው ነው። የከረጢቱ መቆለፊያ የሚሠራው ከመነዳሪ በሌለው፣ ማለትም በቱብለስ ጎማ ውስጥ ነው፤ ከመነዳሪ የሚተኛበትን ቦታ ከረጢቱ ይይዘዋልና ሁለቱ አብረው አይገቡም። እንግዲህ ይህን መቆለፊያ ለመግጠም አስቀድሞ ቸርኬውንም ጎማውንም መለወጥ ያስፈልጋል። በገጠር ከተማ ያለ ጎሚስታ ደግሞ ከመነዳሪ ለመለጠፍ አይቸገርም፤ በጎማ ውስጥ ሌላ የተነፋ ከረጢት ሲያገኝ ግን ምን ያድርግ?

ከሁሉ በላይ ግን መቆለፊያው እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው አየር ከ15 ፒኤስአይ በታች ለሚያወርድ፣ በአሸዋና በዐለት ላይ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና በስለታም ድንጋይ ላይ እስከዚያ ድረስ ቢተነፍስ ጠርዙ ባይለቅ እንኳ ጎኑ ይቀደዳል። ለዋልካው የሚበጀው ሰንሰለትና አካፋ ነው፤ ዝናቡ ካየለም አንድ ቀን ታግሦ ማደር።

ይልቅስ ትኩረት የነፈግነው የአየር ልክ ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። (ስሟ ንፋስ መውጫ በሆነ ከተማ ጎማ የሚሞላ ኮምፕሬሰር በንፋስ እጥረት መዘግየቱ ያስገርማል።) ከዚያ 1,500 ሜትር ያህል ወደ ቆላ ሲወረድ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው በ2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይላል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ በየ10 ዲግሪው ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ መልሶ ያወጣዋል። በጉዞ ብዛት የሚግለው ጎማም ልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ልክ የሚወሰደው በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመኪናው በር ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥና በጭነቱ መጠን ነው። በጭቃ ጊዜ አየር የተነፈሰ እንደ ሆነ በዝግታ መንዳት፣ መሪን በድንገት አለመጠምዘዝ፣ ወደ ደረቅ መንገድ ሲወጣም ወዲያው መልሶ መሙላት ይገባል።

በእነዚህ ምክንያቶች ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ያቀረብነው የግዥ ጥያቄ ቢድሎክን አልጨመረም። የጠየቅነው ለእያንዳንዱ መኪና መለኪያ፣ በባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር፣ የጎማ ሰንሰለትና ሁለት መጠባበቂያ ከመነዳሪ ነው።

በዚያች የሐምሌ ዕለት ያየሁት አንድ ነገር ሳይነገር መቅረት የለበትም። ጎማው ተጠግኖ ሲነፋ ሊረዳን የመጣ አንድ ወጣት ከቸርኬው ፊት ለፊት ተንበርክኮ ነበር። አዛውንቱ ሾፌራችን ክንዱን ይዘው «ልጄ፣ ከፊቱ ዞር በል! ይህ ቀለበት ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል» አሉት። ጎማውንም ቀለበቱ ወደ መሬት እንዲሆን ገለበጡት። ቀለበቱ በአንድ ወገን በቦታው እንዳልገባ ባዩ ጊዜ ወጣቱ በመዶሻ ሊመታው ተነሣ፤ እርሳቸው ግን አስቆሙት፤ አየሩን ፈጽመው አስተንፍሰው፣ ቀለበቱን አውጥተው ዝገቱን ፍቀው እንደ ገና ጀመሩ። ይህም ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን።