የአንድ ሰው ሾርባ

በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ «የሾርባ ማንኪያ» የምንለው ማንኪያ አለ። ስኳር እንሰፍርበታለን፣ ዘይት እንለካበታለን፣ ሩዝ እንበላበታለን። ስሙን የሰጠውን ምግብ ግን ብዙዎቻችን በወር አንዴ እንኳ አንሠራውም። ሾርባ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ወይ የታመመ ሰው ነው፣ ወይ የረመዳን ማፍጠሪያ፣ ወይ ሆቴል ውስጥ ከምሳ በፊት የሚመጣው ሳህን። በሦስቱም ቦታ ድስቱ ትልቅ ነው። እኔ የማስተዋውቀው ትንሹን ነው፤ በአንዲት ትንሽ ድስት፣ ለአንድ ሰው፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚደርሰውን የምስር ሾርባ።

ስሙ ረጅም መንገድ ተጉዟል። «ሾርባ» ከፋርስ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ቃል ነው፤ ቱርኮችም «ቾርባ» ይሉታል። የራሳችን ቃል መረቅ ነው፤ እሱ ግን በአማርኛ የተቀቀለ ሥጋ ወይም አጥንት ውኃ ሆኖ ቀርቷል። የሚገርመው በዕብራይስጥ ሾርባ «ማራክ» መባሉ ነው። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ከሚማሯቸው ቃላት ይህኛው ከእናታቸው ቤት የሚያውቁት ነው ማለት ነው።

እኔ ከትንሿ ድስት ጋር የተዋወቅሁት እናቴ ታማ በተኛችበት ክረምት ነው። እህል አልወርድ ብሏት ስለነበር ሾርባ ሥሪላት ተባልኩና እንደለመድኩት ለቤተሰብ የሚሆነውን ድስት ሙሉ ሠራሁ። እሷ የምትወስደው ግማሽ ሳህን አይሞላም። የቀረውን ማታ አሞቅኩት፤ በማግሥቱ ጠዋት አሞቅኩት፤ ምሳ ላይ ውኃ ጨምሬ ደግሜ አሞቅኩት። ያኔ ድንቹ ፈርሷል፣ ካሮቱ ጣዕም የለውም፣ ሾርባው ከሥር መያዝ ጀምሯል። እናቴ አንዴ ቀመሰችና ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መልሳ፣ «ልጄ፣ ይሄ የትናንቱ ነው አይደል?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እኔን ግን አንገቴን አስደፋኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷን ለብቻው፣ በየሰዓቱ ትኩስ ትኩሱን መሥራት ያዝኩ።

በእኛ ዘንድ ለአንድ ሰው ድስት መጣድ አልተለመደም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ድስታችንም ሌማታችንም የተሠራው ለብዙ ሰው ነው። ነገር ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአንዲት ክፍል የሚኖር ወጣት አለ። ልጆቿ ውጭ አገር ሄደውባት ብቻዋን የቀረች እናት አለች። ዋሽንግተን ዲሲ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ የሚገባ ሰው አለ። እነዚህ ሰዎች «ለእኔ ለአንዱ ብዬ ምን ድስት እጥዳለሁ» እያሉ በሻይና በዳቦ ሲያድሩ ሳይ አዝናለሁ።

እሺ ብሎ የተነሣውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። የቤተሰቡን መጠን ይወስድና ለሰው ቁጥር ያካፍላል። ሒሳቡ ልክ ይመስላል፤ ድስቱ ላይ ግን አይሠራም። ምክንያቱ እንፋሎት ነው። ውኃ የሚተነው ከላይ ከገጹ ነው፤ በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስነው የድስቱ አፍ ስፋትና የእሳቱ ኃይል እንጂ ውስጥ ያለው ውኃ ብዛት አይደለም። ከ5 ሊትር ሾርባ ላይ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ቢተን ከ20 እጅ አንዱ ብቻ ሄደ፤ ማንም ልብ አይለውም። ያው አንድ ብርጭቆ ከግማሽ ሊትር ላይ ከተነነ ግን ግማሹ ሾርባ አለቀ። ጨው ደግሞ አይተንም፤ ገና ሲጣድ ልክ የነበረው ጨው መጨረሻ ላይ እጥፍ ሆኖ ይጠብቃል። ትንሽ ሾርባ ላይ «ጨው በዛብኝ» የሚለው ሰው ሁሉ እጁ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ቀድሞ ስለጨመረ ነው።

ስለዚህ ድስቷ አፏ ጠበብ፣ ቁመቷ ከፍ ያለች ትሁን፤ ክዳኗ ጣት የምታህል ክፍተት ተትቶላት ይደፋባት፤ ጨው የመጨረሻው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ምድጃው። መስፈሪያዬ የቡና ሲኒ ነው። አንድ ሲኒ ምስር ክክ ለአንድ ለራበው ሰው ይበቃል፤ ለታመመ ግማሹ። ድፍኑን ምስር አልመክርም፤ ልጣጩ ስላለ ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል። ክኩ ግን ልጣጩ ተገፎ ለሁለት ስለተከፈለ ውኃው ቶሎ ይገባበታል፣ መዘፍዘፍም አይፈልግም። ለቅሜ፣ ውኃው ጥርት እስኪል ሦስት አራቴ አጥበዋለሁ። ይህን መዝለል ለትንሽ ድስት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ያልታጠበ ክክ አረፋው ይበዛል፣ ትንሽ ድስት ደግሞ አረፋ የምትይዝበት ቦታ ስለሌላት ገንፍላ ምድጃውን ታጠፋለች።

ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፍና በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላላለሁ። እንደ ወጥ እስኪጠቁር አይደለም፤ መስታወት መስሎ ጠርዙ ወርቅማ ሲል ይበቃዋል። እዚህ ላይ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ቁንጥር ከሙን ይገባል። ቅመሙ ከውኃው በፊት ዘይቱን ማግኘት አለበት፤ የእርድ ቀለምም የከሙን ሽታም የሚፈቱት በቅባት ነው፣ ውኃ ላይ ቢነሰነሱ አብዛኛው ሳይፈታ ይቀራል። ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣ ይህም ከግማሽ ደቂቃ አይዘልም፣ ምስሩን ጨምሬ አንዴ አገላብጠውና ግማሽ ሊትር የፈላ ውኃ እከልስበታለሁ። ካሮትና ድንች ካለ ከጥፍር እንዳይበልጥ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ ትልልቅ ከተቆረጠ ምስሩ ፈርሶ ድንቹ ጥሬውን ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ደስ የሚለኝ ክፍል ይመጣል። መጀመሪያ ምስሩ ብርቱካንማ ቀለሙን እንደያዘ ሥሩ ተኝቶ ይቆያል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ሲታይ ቀለሙ ወደ ቢጫ ዞሯል፤ ፍሬው ግን ገና ቅርጹን ይዟል። አሥራ አምስተኛው ላይ ጠርዙ ይሟሟና ውኃው ወተት የገባበት ይመስላል። ከዚያ ድምፁ ይለወጣል፤ ፈጠን ፈጠን እያለ ይፈላ የነበረው ሾርባ ወፈር ብሎ ቀስ እያለ መንተክተክ ይጀምራል። በማማሰያ ጀርባ ከድስቱ ግድግዳ ጋር ጥቂቱን ጨፍለቅ ማድረግ ነው፤ ሌላ መፍጫ አያስፈልገውም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ጅዳ ወይም ቤይሩት ያለች እህታችን ያንኑ ምስር በ15 ደቂቃ ብታደርሰው እጇ ስለበለጠ አይደለም። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን 92 ገደማ ላይ ይፈላል፣ ድሬዳዋ ላይ 96 አካባቢ። ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ የሚጨምረው መትነኑ ብቻ ነው። በደጋ አገር ትንሽ ድስት ላይ እሳት ማብዛት ማለት እንግዲህ ምስሩ ሳይበስል ውኃውን መጨረስ ነው። አንዴ ከፈላ ዝቅ አድርጎ መተው ይሻላል።

ቲማቲምና ሎሚ እዚህ ድረስ አልተነሡም፤ አውቄ ነው። ኮምጣጣ ነገር ምስርም ድንችም እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። ቲማቲሙ፣ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ሳልሳ፣ ምስሩ ከፈረሰ በኋላ ገብቶ አምስት ደቂቃ ይንተክተክ። ቀጥሎ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተከተፈ ፐርሰሜሎ። ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመቃል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው ደግሞ አራት ደቂቃ ቀድሞ ያጥፋው፤ ብረቱ የያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋም ተስፋ አይቆረጥም፤ ድስቷ ተከድና በፎጣና በጋቢ ትጠቅለል። ትንሽ ድስት ከትልቅ ይልቅ ቶሎ ስለምትቀዘቅዝ መጠቅለሉ ወዲያው መሆን አለበት።

በኪዩብ ስለሚሸጠው ማጣፈጫ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አልከለክልም፤ ግን ከግብዓቶቹ ብዙውን ጊዜ ቀዳሚው ጨው ነውና እሱ የገባበት ሾርባ ሌላ ጨው ሳይቀመስ አይጨመርበት።

ምስር የሰለቸው ሰው አጃን ያስብ። የረመዳን ሾርባ በብዙ ቤት ከአጃ ወይም ከገብስና ከሥጋ ይሠራል፤ ከተምርና ከሳምቡሳ ጋር የቀኑን ጾም የሚፈታው እሱ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተከካ አጃ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ከተጣደ አይጓጉልም። አጃ ቤታ ግሉካን የተባለ የሚያጣብቅ ነገር ስላለው ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይወፍራል፤ ስለዚህ ምድጃ ላይ ቀጠን ብሎ ሲታይ መውረድ አለበት። በጾም ወቅት በአትክልት፣ በፍስክ የተቀቀለ ሥጋ መረቅ ተጨምሮበት ይሆናል።

ከተረፈስ? ከአንድ ሲኒ ምስር ብዙ አይተርፍም፤ የትንሽ ድስት ትልቁ ጸጋ ይኸው ነው። ከተረፈ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፣ ማቀዝቀዣው ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን፣ ሲሞቅም በደንብ ተንተክትኮ ይሁን። እኔ ከአንዴ በላይ አላሞቅም። የታመመ ሰው ከሆነ የሚበላው ጨርሶ አላሳድርም።

ለምስር ሾርባው ከዳቦ ይልቅ ድርቆሽ እመርጣለሁ። ውጭ ያሉ ልጆቻችን ጓዛቸው ውስጥ ይዘውት የሚሄዱት የደረቀ እንጀራ ለዚህ ሾርባ የተፈጠረ ይመስላል። እናቴ አገግማ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጨምሪልኝ» ያለችው ድርቆሽ የገባበትን ነው። እፍኝ የማይሞላ ተሰባብሮ ሳህኑ ውስጥ ይበተናል፣ ሾርባው ከላይ ይፈስበታል፣ ከዚያ ወዲያው ይበላል። ሁለት ደቂቃ ከቆየ ገንፎ ይሆናል።