ከካሜራው በፊት የሚታቀደው መረብ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ በምትገኘው ሐሙሲትም ሆነ በደብረ ታቦር አንድ ባንክ፣ ትምህርት ቤት ወይም የእህል መጋዘን የደኅንነት ካሜራ ለማስገጠም ሲነሣ ቀድሞ የሚጠየቀው የካሜራው ዋጋና የምስሉ ጥራት ቢሆንም፣ የሥራውን ውጤት የሚወስነው ምስሉን ከካሜራው እስከ መቅጃው የሚያደርሰው የኮምፒውተር መረብ፣ ማለትም ኔትወርክ፣ በወጉ መታቀዱ ነው።

የቢሮ ኮምፒውተር መረቡን የሚጠቀመው ሰነድ ሲላክ ወይም ድረ ገጽ ሲከፈት ሲሆን፣ ካሜራ ግን ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ስለሚልክ ዕቅዱ ከስሌት ይጀምራል። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በ24 ሰዓት 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል፤ 16 ካሜራዎች ደግሞ በአንድነት በሰከንድ 64 ሜጋቢት ይልካሉ፣ በ30 ቀንም ከ20 ቴራባይት በላይ ማከማቻ ይፈልጋሉ። ይህ ጭነት በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ለሚያስተላልፍ ስዊች፣ ማለትም ገመዶቹን ለሚያገናኘው መሣሪያ፣ ቀላል ቢሆንም ለአንድ ቅርንጫፍ ኢንተርኔት ከባድ በመሆኑ፣ ቀረጻው እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ውጭ የሚላከው የተፈለገው ምስል ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚታየው ርቀትና ኃይል ነው። መረጃንም ኤሌክትሪክንም ለካሜራው የሚያደርሰው የተለመደው የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ እንዲዘረጋ አይመከርም። ሲጨልም ካሜራው የራሱን የማይታይ ብርሃን ሲያበራ ተጨማሪ ኃይል ስለሚስብ፣ የስዊቹ አቅም በቀን ሙከራ ብቻ ከተለካ ካሜራዎቹ እጅግ በሚፈለጉበት ሰዓት ሊጠፉ ይችላሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር መብረቅ በሚበዛበት የደጋ አገር ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሄደው መስመር ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፋይበር ቢሆን መሣሪያዎቹን ከጉዳት ይጠብቃል፤ መብራት ሲቋረጥ ደግሞ ስዊቹም መቅጃውም በመጠባበቂያ ባትሪ መያዝ አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ቢሠራ ቀረጻ የለም።

ሌላው ጉዳይ የመረቡ ጥበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን በርካታ ካሜራዎች በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ ለጥቃት ተጠቅሞባቸዋል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ካሜራዎቹ በተገጠሙበት ቀን ሊቀየር፣ እነሱም ከገንዘብና ከሰነድ ኮምፒውተሮች በተለየ የመረብ ክፍል ሊቀመጡ ይገባል። ሰዓታቸውም ከአንድ ምንጭ ሊስተካከል ይገባዋል፤ መቅጃው ጠዋት 8፡15 ብሎ የመዘገበው በአገሬው አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡15 በመሆኑ፣ ይህ ልዩነት አስቀድሞ ካልተነገረ ምስክርነትን ያፋልሳል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የሰውን ምስል መሰብሰብ ዓላማና የቆይታ ገደብ የሚጠይቅ ተግባር ሆኗል። ስለሆነም ቀረጻ ለስንት ቀን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የዲስክ መጠንንም የሕግ ግዴታንም በአንድነት የሚመለከት ስለሆነ፣ ካሜራ ሳይገዛ በፊት በጽሑፍ ሊወሰን ይገባዋል።